ተጎታች ስንጎትት 85፣ 87 ወይስ 91? ኦክቴን የፒክአፕን የነዳጅ ፍጆታ ምን ያህል ይለውጣል

ዳገት_ወዳጅ | ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ሞተር የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ።

መኪናው የ2019 ፎርድ ኤፍ-150 ነው፤ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት (የፎርድ ባለ ቱርቦ ሞተር)፣ ባለ 10 ማርሽ። ተጎታቹ ባለ ሁለት አክስል፣ ጎንና ጣሪያ የሌለው የመኪና መጫኛ ሲሆን ከነጭነቱ 6,500 ፓውንድ ይመዝናል። መንገዱ በአይ-70 ከዴንቨር ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ 520 ማይል ያህል። ፍጥነቱ ከ70 እስከ 75። በ87 ሲነዳ ዳሽቦርዱ በጋሎን 10 ማይል አካባቢ ያሳያል።

እዚህ ማደያ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ 85፣ 87 እና 91። ጥያቄዎቼ፦ 91 ብሞላ በማይል ተመልሶ ይከፍለኛል ወይ? 85 ለከፍታ ቦታ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ችግር የለውም የሚባለው እውነት ነው? ለውጥ ካለስ በምን አረጋግጣለሁ?

---

ካንዴላ_እና_ባልቦላ | አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ ግን ከሥር እንጀምር። ኦክቴን ጉልበት አይደለም። ቁጥሩ የሚነግርህ ቤንዚኑ ሲታመቅና ሲሞቅ፣ ካንዴላው ሳያዘው በራሱ እንዳይነድ ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። አንድ ጋሎን ንጹሕ ቤንዚን ወደ 114,000 ቢቲዩ ሙቀት ይይዛል። 10 በመቶ ኢታኖል ሲገባበት በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 87ቱም 91ዱም እኩል ኢታኖል ካላቸው በጋሎን የያዙት ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ውድ የሆነውን ስለሞላህ ብቻ ታንከሩ ውስጥ የገባ ተጨማሪ ጉልበት የለም።

ማይሉ የሚለወጠው ሞተሩ በያዘው ነዳጅ ምን ያህል እንደሚደፍር ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ቱርቦዎቹ ብዙ አየር ይገፋሉ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱም ሙቀቱም ይወጣል። ካንዴላው ለኩሶ እሳቱ ወደ ዳር እየተስፋፋ ሳለ፣ ዳር የቀረው ድብልቅ ተራውን ሳይጠብቅ ባንድ ጊዜ ይፈነዳል። ማንኳኳት የምንለው እሱ ነው። ብሎኩ ላይ የተተከሉት የኖክ ሴንሰሮች ንዝረቱን ሲይዙ ኮምፒውተሩ ካንዴላው የሚለኩስበትን ቅጽበት (ታይሚንጉን) ያዘገያል። ማንኳኳቱ ይቆማል፤ ነገር ግን ዘግይቶ የተለኮሰ ነዳጅ ፒስተኑን ገፍቶ ሳይጨርስ የጭስ ባልቦላው ይከፈታል፤ ሙቀቱ ሥራ ሳይሠራ በማርሚታ ይወጣል። ለዚያው ጉልበት ሲባል ፔዳሉን የበለጠ ትረግጣለህ።

ሁለተኛው ኪሳራ ከዚህ ይከተላል፤ ብዙ ሰውም አያውቀውም። የሚወጣው ጭስ ሲግል ቱርቦውና ካታሊቲኩ (ጭስ የሚያጣራው) እንዳይቃጠሉ ኮምፒውተሩ ትርፍ ቤንዚን ይረጫል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን በትክክል ለመንደድ 14.1 እጅ አየር ይፈልጋል፤ ረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ጭነት ሲሆን ድብልቁ ወደ 12 ሊወርድ ይችላል። ያ ትርፍ ቤንዚን ሙቀት ለማቀዝቀዝ ብቻ የፈሰሰ ነው። 91 ሲሆን ታይሚንጉ ብዙ ስለማይዘገይ ጭሱ ይቀዘቅዛል፤ ትርፍ የሚረጭበት ጊዜም ያጥራል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር፦ ባዶውን መኪና ሜዳ ላይ በ65 ስትነዳ ሞተሩ ማንኳኳት አጠገብ ስለማይደርስ 91 ምንም አይጨምርልህም ማለት ይቻላል። 6,500 ፓውንድ ይዘህ በሐምሌ ሙቀት ዳገት ስትወጣ ግን ይጨምራል። የፎርድ መመሪያ መጽሐፍም ይህንኑ ይላል፤ 87 ይበቃል፣ ለተሻለ አሠራር 91 እና ከዚያ በላይ ይመከራል፣ ልዩነቱም በሙቀትና ተጎታች ሲጎተት ይበልጥ ይታያል።

---

ሶስና_ሂሳብ | ዳላስ፣ ቴክሳስ

ሜካኒኩን ካንዴላ አስረድቶታል፤ እኔ የኪሱን ልጨምር። ነገሩ አንድ መስመር ነው። የ91ን ዋጋ ለ87 ዋጋ አካፍሉ፤ ማይላችሁ ቢያንስ በዚያው እጅ ካልጨመረ በገንዘብ ከስራችኋል።

ለምሳሌ 87 በ3.20፣ 91 በ4.00 ዶላር ነው እንበል። 4.00 ÷ 3.20 = 1.25። በጋሎን 10 ማይል የሚሄድ መኪና ወጪውን ለመመለስ 12.5 መሄድ አለበት። 4 በመቶ ብቻ ጨምሮ 10.4 ከሄደ የ520 ማይል ሂሳቡ ይህ ነው፦ በ87 52 ጋሎን፣ 166.40 ዶላር። በ91 50 ጋሎን፣ 200 ዶላር። ሁለት ጋሎን ተቆጥቦ 33.60 ዶላር ተጨምሮ ተከፈለ ማለት ነው።

4 በመቶውን ከየት አመጣሽው ለሚል፦ የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2017 ፕሪሚየም የሚመከርላቸውን፣ ግን የግድ የማይሉትን መኪኖች ፈትሾ ነበር፤ ኢኮቡስቱ ኤፍ-150ም አንዱ ነው። በአማካይ የተገኘው የነዳጅ ቁጠባ 2.7 በመቶ፣ የፈረስ ጉልበት ጭማሪ 1.4 በመቶ ነው። በመኪና በመኪና ሲታይ ከ1 በመቶ ቅናሽ እስከ 7.1 በመቶ ጭማሪ ደርሷል። ተጎታች ስላለ ከአማካዩ ትንሽ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ከፈለጋችሁ 7 አድርጉት፤ 25 በመቶን አይሸፍንም።

---

ጎታች_ሰባት | ላስ ቬጋስ

በአክብሮት አልስማማም። ብዙ የጭነት ሹፌር በ91 እስከ 3 ማይል በጋሎን እንደሚጨምር ይናገራል። ከ10 ወደ 13 ከሆነ የሶስና ሂሳብ ይገለበጣል። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ተሳስተዋል ማለት ይከብዳል።

---

ካንዴላ_እና_ባልቦላ

ጎታች፣ ሹፌሮቹ ያዩትን ቁጥር አይተዋል፤ ምክንያቱ ግን ኦክቴኑ ላይሆን ይችላል። ከ10 ወደ 13 ማለት 30 በመቶ ነው። ይህን ያህል በታይሚንግ ብቻ ለማግኘት ሞተሩ በ87 መንገዱን ሙሉ እያንኳኳ መሄድ ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ በሽተኛ ነው፣ ነዳጅ ሳይሆን ጥገና ነው የሚያስፈልገው።

30 በመቶን በቀላሉ የሚያመጡት ሌሎች ናቸው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ በጀርባ ይዞ መሄድና በፊት ለፊት መጋፈጥ። ከዴንቨር ሽቅብ ሄዶ ከተመለሱት ቁልቁለት ጋር ማወዳደር። ክረምትና በጋ፤ የበጋ ቤንዚን ከክረምቱ በ1.7 በመቶ ገደማ የበለጠ ጉልበት አለው፣ አየሩ ደግሞ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ30 ዲግሪው በ11 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ወፍራም አየር ለመሰንጠቅ ይከብዳል። የጭነቱ ቅርጽም አለ፤ ዝቅ ያለ ሴዳን መጫንና ቫን መጫን አንድ አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ነህ፤ ሞተር ከሞተር ይለያል። የጂኤም 6.2 ሊትር ቪ8 ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ድብልቁን የሚያምቅበት እጅ) 11.5 ለ1 ነው፤ ፕሪሚየም ይመከርለታል፣ በ87 ተጎታች ሲጎትት ብዙ ታይሚንግ ይጥላል። ሶስና የጠቀሰችው 7.1 በመቶ የተገኘው 6.2 በያዘው ካዲላክ ኤስካሌድ ላይ ነው። የራም 5.7 ሄሚ መመሪያ 89 ይመክራል፣ 87ም ይቀበላል፤ በሄሚ ጎታች የሆነ ሰው 89 ላይ ቢቆም ጥሩ ነው። የጂኤም 5.3 ለ87 የተሠራ ነው፤ 91 ብትሞላለት ኮምፒውተሩ ከ87 በላይ የሚጠቀምበት ብዙ ቦታ የለውም። የዳገት ወዳጅ 3.5 ኢኮቡስት 10.5 ለ1 ኮምፕሬሽን ላይ ሁለት ቱርቦ ስላለው ከተጠቃሚዎቹ ወገን ነው።

---

የከፍታ_ሜካኒክ | ዴንቨር

85ን በተመለከተ ግልጽ ልሁን፤ ኢኮቡስት ውስጥ 85 አታስገቡ። ተጎታች ኖረም አልኖረም።

የ85 ታሪክ የካርቡራተር ዘመን ነው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሲሊንደሩ የሚይዘው አየር ያንሳል፤ በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ግፊቱ ዝቅ ስላለ ማንኳኳቱም ይቀንሳል፤ ያኔ 85 ሥራውን ይሠራ ነበር።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ይህን ቅናሽ አይቀበልም። ኮምፒውተሩ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈልገውን ግፊት ያውቃል፤ አየሩ ከሳሳ ዌስትጌቱን (ጭስ ቱርቦውን አልፎ የሚወጣበትን በር) ዘግቶ ቱርቦውን የበለጠ ያሽከረክራል። ጭራሽ ስስ አየር ይበልጥ ስለታመቀ ኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ጋ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል ላይ ካለው የሞቀ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ኢንተርኩለሩን በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ከፍታው ለኢኮቡስት የማንኳኳት እፎይታ አልሰጠውም። የፎርድ መመሪያ ከ87 በታች አይፈቅድም።

ኖክ ሴንሰር አለ፣ ያስተካክለዋል የሚል ይኖራል። ያስተካክላል፤ ግን ከሰማ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ምቶች ፒስተኑ ተቀብሏቸዋል። 11,158 ጫማ ላይ ወዳለው አይዘንሃወር ዋሻ 7 በመቶ ዳገት እየወጣችሁ የመጀመሪያዎቹ ምቶች እየተደጋገሙ ይመጣሉ። የፒስተን ቀለበት መቀመጫ የሚሰበረው በዚህ ነው።

በ85 የተቆጠበው ሳንቲም ደግሞ በማይል ይጠፋል፤ ካንዴላ የገለጸው የታይሚንግ መዘግየትና ትርፍ መርጨት ሁለቱም ይብሳሉ።

---

ዳገት_ወዳጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 85 ከእንግዲህ ቀርቷል። ሶስና፣ ታዲያ ዳገቱን ብቻ በ91 ብወጣና ዩታ ሜዳው ላይ ወደ 87 ብመለስስ?

---

ሶስና_ሂሳብ

ያ ነው ልክ ያለው። ከዴንቨር ግሌንውድ ስፕሪንግስ 160 ማይል ያህል ነው፤ ዋሻውም 10,662 ጫማ ያለው ቬይል ፓስም እዚህ ውስጥ ናቸው። በ87 16 ጋሎን፣ 51.20 ዶላር። በ91 4 በመቶ ተቆጥቦ 15.4 ጋሎን፣ 61.60 ዶላር ገደማ። ልዩነቱ 10 ዶላር ነው። በዚህ 10 ዶላር ማይል አትገዛም፤ የቀዘቀዘ ሞተርና ዳገት ላይ የማይደክም ጉልበት ትገዛለህ። እኔ በሐምሌ እከፍለዋለሁ፤ በጥር ብርድ አልከፍለውም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ታንከሩ ውስጥ የቀረው 87 ይቀላቀላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ጋሎን በቁጥሩ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ይካፈላል። 10 ጋሎን 87 ላይ 16 ጋሎን 91 ብትጨምር (870 + 1,456) ÷ 26 = 89.5። ወደ 91 ለመጠጋት ዴንቨር ስትደርስ ታንከሩ ወደ ሩብ ወርዶ ይጠብቅ።

መመለሻውንም አትርሳ። ከምዕራብ ስትመጣ ከሲልቨርቶርን ወደ ዋሻው የሚወጣው ዳገት አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። ግራንድ ጀንክሽን ላይ 91 ሞልተህ ተነሥ።

---

ጎታች_ሰባት

ተቀብያለሁ ካንዴላ። ግን ሰው ራሱ ለክቶ እንዲያረጋግጥ በትክክል መንገዱን አስቀምጡልን፤ ዳሽቦርድ ላይ ማየት ብቻ በቂ አይመስለኝም።

---

የከፍታ_ሜካኒክ

ዳሽቦርዱ አይበቃም። ቤንዚኑ የተረጨበትን ጊዜ ቆጥሮ የሚገምተው ነው፤ በጥቂት በመቶ ሊስት ይችላል፣ የምትፈልጉት ለውጥ ደግሞ ያው ጥቂት በመቶ ነው።

ልኩ የሚወሰደው በፓምፑ ጋሎን ነው። አንድ ማደያ፣ አንድ ፓምፕ ምረጡ፤ መኪናው በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ቦታ ይቁም። አፍንጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭ ሲል አቁሙ፤ ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ከቀጭታ በኋላ የተጨመረው ቤንዚን ልኩን ከማበላሸቱ ሌላ፣ ትነት የሚይዘው የከሰል ጣሳ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል።

ያም ሆኖ አሞላል በግማሽ ጋሎን ሊለያይ ይችላል። በ15 ጋሎን ላይ ግማሽ ጋሎን 3.3 በመቶ ነው። አስተውሉት፤ ስህተቱ ከሚፈለገው ውጤት ጋር እኩል ነው! ስለዚህ አንድ ታንከር ሞልቶ 91 ጠቀመ ወይም አልጠቀመም ማለት አይቻልም። በእያንዳንዱ ቁጥር ሦስት ታንከር አከታትላችሁ አንድ ላይ ደምሩ፤ 45 ጋሎን ላይ ያው ግማሽ ጋሎን 1.1 በመቶ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ 87፣ 91፣ ከዚያ እንደገና 87 ይሁን። ሁለተኛው 87 ከመጀመሪያው በጣም ከራቀ የተለወጠው አየሩ ወይም ጭነቱ ነው፣ ሙከራውን ድገሙት። ቁጥር በቀየራችሁ ጊዜ የመጀመሪያውን ታንከር አትቁጠሩት፤ አሮጌው ነዳጅ ተቀላቅሏል፣ ኮምፒውተሩም ገና እየተማረ ነው። ሁልጊዜ ደርሶ መልሱን ባንድ ላይ አስሉ፤ ሽቅቡን ብቻ ወይም ቁልቁለቱን ብቻ አትውሰዱ። ጎማ ከፋብሪካው መጠን የተለየ ከሆነ የማይል ቆጣሪውን በጂፒኤስ አርሙ።

ከዚህ የፈጠነ መንገድ የሚፈልግ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ የኦቢዲ መሰኪያ ገዝቶ ፎርስካን ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ያገናኝ። ፎርድ ላይ ኦክቴን አድጀስት ሬሾ የሚባል ንባብ አለ፤ ከ-1 እስከ +1 ይሄዳል። -1 ማለት ኮምፒውተሩ ጥሩ ነዳጅ አግኝቻለሁ ብሎ ታይሚንጉን እስከ ጫፍ ሰጥቷል፤ ወደ +1 እየተጠጋ ሲሄድ እየሰበሰበው ነው። የሚማረው ጭነት ሲኖር ብቻ ስለሆነ ከተማ ውስጥ እየዞራችሁ አይንቀሳቀስም፤ ተጎታቹን አስራችሁ ዳገት ውጡ። በዚያው የእያንዳንዱን ሲሊንደር የኖክ መዘግየት፣ ከኢንተርኩለር የሚወጣውን አየር ሙቀትና የታዘዘውን ላምዳ (የአየርና የቤንዚን ምጥጥን) ተመልከቱ። ላምዳ 1.0 ላይ ከቆየ ትርፍ እየተረጨ አይደለም፤ ወደ 0.85 ወርዶ ረጅም ጊዜ ከቆየ ማይሉ የሚፈሰው እዚያ ነው።

በ91 ተሞልቶ ሦስት ታንከር ካለፈም በኋላ ንባቡ -1 አካባቢ ካልደረሰ ከነዳጁ በፊት ሞተሩን ጠርጥሩ። ያረጀ ካንዴላ መጀመሪያ ይታይ፤ በዚህ ሞተር ክፍተቱ 0.030 ኢንች ገደማ ነው፣ ሲያልቅ ይሰፋል፣ በከፍተኛ ግፊት እሳቱ ይጠፋና መኪናው ዳገት ላይ ይንገጫገጫል። ከዚያ የፒስተን አናት ላይ የተጋገረ ካርቦን፣ የኢንተርኩለር ቱቦ ማፍሰስ፣ በጭቃና በነፍሳት የተደፈነ የኢንተርኩለር ፊት።

---

የገደል_ማሚቶ | ዱባይ

ሰላም ወገኖች። እዚህ ማደያ ላይ ያለው 91፣ 95 እና 98 ነው። እናንተ 91ን ውድ ነው ስትሉ እኛ ጋ ግን ርካሹ ነው። ተጎታች ላይ ጀልባ የሚያስር ሰው የትኛውን ይሙላ?

---

ካንዴላ_እና_ባልቦላ

ወንድሜ፣ ጥሩ አነሣህ፤ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የእናንተ ቁጥር ሮን በሚባለው ዘዴ የተለካ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፓምፑ ላይ የሚጻፈው የሮንና የሞን (የሁለት ኦክቴን መለኪያ ዘዴዎች) አማካይ ስለሆነ ከ4 እስከ 5 ቁጥር ዝቅ ይላል። የእናንተ 91 የእኛ 87 ነው፤ 95 የእኛ 90 ወይም 91፤ 98 የእኛ 93 ገደማ። እዚህ የተጻፈውን ሁሉ በዚህ መንዝረህ አንብበው። ያንተን መኪና መመሪያ ስታይም ቁጥሩ በሮን ይሁን በአማካይ አረጋግጥ፤ ከአሜሪካ የመጣ መኪና ክዳኑ ላይ 87 ቢል 91ዱ ይበቃዋል።

የባሕረ ሰላጤው በጋ ሙቀት ላይ ቱርቦ ያለው ቤንዚን ፒክአፕ ጀልባ እየጎተተ ከሆነ ግን 95 ላይ ውጣ። የሚገባው አየር በ45 ዲግሪ ከጀመረ ሞተሩ ማንኳኳት ጋ የሚደርሰው ቶሎ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በናፍጣ ለሚሠሩት ሃይሉክሶች ይህ ውይይት አይመለከትም፤ የናፍጣ መለኪያው ሲቴን ነው፣ ያውም በተቃራኒው የሚፈለገው በቶሎ መንደዱ ነው።

---

ብርሃን_ጋራዥ | ሲያትል

ሁለት ነገር ልጨምር።

በጠርሙስ የሚሸጠውን ኦክቴን ጨማሪ ተጠንቀቁ። ጠርሙሱ ላይ በ30 ነጥብ ያሳድጋል ይላል፤ 10 ነጥብ 1 ቁጥር ነው፣ ስለዚህ 87 ወደ 90 ነው የሚሆነው፣ እሱም ልኩ ከተጠበቀ። ማንጋኒዝ ያለባቸው ደግሞ ካንዴላው ላይ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ንብርብር ይተዋሉ። ያንን ገንዘብ በፓምፑ 91 ላይ ማዋል ይሻላል።

ሁለተኛው 88 ተብሎ የሚሸጠው ነው። ቁጥሩ ከ87 ከፍ ይበል እንጂ 15 በመቶ ኢታኖል ነው። ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ ቀላል መኪኖች የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ከተለመደው 10 በመቶ ኢታኖል ጋር ሲነጻጸር በማይል ወደ 1.5 በመቶ ያጎድላል። ዋጋው ከዚያ በላይ ከቀነሰ ይግዙት፤ ካልቀነሰ አይግዙት። ኢ85 ደግሞ ፍሌክስ ፊውል ተብሎ ያልተጻፈበት መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ፍሌክስ ፊውል በሆነው ላይ ኦክቴኑ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ ደስ ይላል፤ ማይሉ ግን ከ15 እስከ 27 በመቶ ይወርዳል። በተጎታች ረጅም መንገድ ላይ ማደያ ማደያ መቆም ይሆናል።

---

ካንዴላ_እና_ባልቦላ

ብርሃን ያነሣው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ከማንኳኳት የባሰ፣ ኦክቴን ብቻውን የማይከላከለው አደጋ አለ፤ በዝቅተኛ ዙር የሚመጣ ቅድመ ፍንዳታ። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭ ቱርቦ ሞተር ላይ ዙሩ ዝቅ ብሎ ጭነቱ ሲከብድ፣ ለምሳሌ በ1,500 አርፒኤም በከባድ ማርሽ ዳገት ስትገፋ፣ የዘይት ጠብታ ወይም የካርቦን ፍንጣሪ ካንዴላው ሳይለኩስ እሳት ያስነሣል። አንዱ ምት ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ቶው ሆል የሚለውን የተጎታች መጎተቻ ቁልፍ ሁልጊዜ ተጭናችሁ ጎትቱ፤ ካምቢዮው ማርሹን ቀድሞ ይቀንሳል፣ ዙሩ ከፍ ይላል። ዳገት ላይ 10ኛውንና 9ኛውን ማርሽ ዝጉት። ዙር ሲጨምር ነዳጅ ይበላል ብሎ የሚፈራ አለ፤ ተጎታች ስር ግን በዝቅተኛ ዙር እያቃሰተ ታይሚንግ የዘገየበት ሞተር ነው የበለጠ የሚበላው። ዘይቱም ኤፒአይ ኤስፒ የሚል ይሁን፤ ይህ ደረጃ ቅድመ ፍንዳታን ለመቀነስ የተፈተነ ነው፣ የቆየው ኤስኤን አልተፈተነም።

---

የከፍታ_ሜካኒክ

ዳገት ወዳጅ የመጀመሪያ መልእክቱ ላይ ፍጥነት ከ70 እስከ 75 ብሎ ጽፎ ነበር፤ ማንም አልነካውም፣ እኔ ግን አላልፈውም። የፈለገው ማይል ከሆነ ትልቁ ገንዘብ እዚያ ነው።

የአየር ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል። ከ75 ወደ 65 ሲወረድ 65 × 65 ለ75 × 75 ሲካፈል 0.75 ነው፤ በእያንዳንዱ ማይል አየርን ለመሰንጠቅ የሚወጣው ሥራ በሩብ ቀነሰ። ተጎታች ባለበት አየሩ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ ግማሹ እንኳ ነው ብንል 12 በመቶ ቁጠባ ነው፣ በነጻ። 91 ከሚሰጠው ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ሽቅብ የሚወጣው ክብደት ደግሞ አይታለፍም። መኪናውና ተጎታቹ ባንድ ላይ 12,000 ፓውንድ ቢሆኑ ከዴንቨር ዋሻው ድረስ 5,878 ጫማ ማንሣት 90,000 ቢቲዩ ያህል ይፈልጋል። ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 30 በመቶውን ወደ ሥራ ይቀይራል ብንል 2.7 ጋሎን ለማንሣት ብቻ ነው። ይህንን ኦክቴን በጥቂቱ ነው የሚነካው፤ የሚቀንሰው የማያስፈልግ ዕቃ ማውረድ ነው።

ከዚያ ተጎታቹ ራሱ። ጎማው ኤስቲ205/75አር15 ሎድ ሬንጅ ሲ ከሆነ በብርዱ 50 ፒኤስአይ፣ ዲ ከሆነ 65፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ሙሉ። ብዙ ተጎታች በ35 ይነዳል፤ ነዳጅም ይበላል፣ ጎማውም ግሎ ይፈነዳል። 20 ማይል ከነዳህ በኋላ ቆመህ አራቱን የተጎታች ጎማ መሀሎች በሙቀት መለኪያ ጠመንጃ ለካ። አንዱ ከሌሎቹ በ50 ፋራናይት ከበለጠ ፍሬኑ አለቅም ብሎ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል። የያዘ ፍሬን ይዞ 91 መሙላት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሂቹ (ተጎታቹ ከመኪናው የሚታሰርበት) ላይ የሚያርፈው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን፤ በ6,500 ላይ ከ650 እስከ 975 ፓውንድ። ለዚህ የተጫነውን መኪና ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ማስጠጋት ይበቃል።

---

ዳገት_ወዳጅ

የመጨረሻ ጥያቄ። በስህተት ግማሽ ታንከር 85 ተሞልቶ ነው ይህን ያነበብኩት። 26 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ነው። አውጥቼ ልድፋው?

---

ሶስና_ሂሳብ

አትድፋው። 13 ጋሎን 85 ላይ 13 ጋሎን 91 ጨምርበት፤ (1,105 + 1,183) ÷ 26 = 88። ከ87 በላይ ሆነ፣ ይሄዳል።

---

የከፍታ_ሜካኒክ

ሂሳቡ ልክ ነው። ግን ተጎታቹን ዛሬ አታስረው። መጀመሪያ ባዶውን መኪና ከተማ ውስጥ 20 ወይም 30 ማይል ንዳው፤ ነዳጁ በቧንቧውና በማጣሪያው አልፎ ይቀላቀል። ታንከሩ ወደ ሩብ ሲወርድ በ91 ሙላው፤ 6.5 ጋሎን 88 ላይ 19.5 ጋሎን 91 ሲገባ 90.25 ይሆናል። ያን ጊዜ እሰር። ዳገት ላይ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ የሚንገጫገጭ የመሰለ ድምፅ ከሰማህ እግርህን ከፔዳሉ አንሥተህ ማርሽ ቀንስ፤ ዝም ካላለ ዳር ይዘህ ቁምና ኮዱን አንብበው።